የአይሱዙ ቸርኬ በግቢ ሲታደስ፦ ዝገቱ በምን ይውጣ? ቀለሙስ በምን ይቀባ?

ባለፈው ጥቅምት ባህር ዳር አባይ ማዶ የሚኖር ዘመዴ ደወለልኝ። «ቸርኬዎቹን ልቀባቸው ነው። ስፕሬይ ስንት ቆርቆሮ ልግዛ?» አለኝ። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት ነው። መኪናዋ ዕድሜ የጠገበች አይሱዙ ኤን ፒ አር ናት። በጋውን አሸዋ ስታመላልስ ከርማ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ማዳበሪያ ጭናለች። እርጥብ አሸዋና ማዳበሪያ ብረትን ምን እንደሚያደርጉት ሹፌር ያውቀዋል። የቆርቆሮውን ነገር ትቼ «ዝገቱን በምን ልታወጣው አሰብክ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ከላዩ ይቀባበት የለም እንዴ?» አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት ስለ ቀለሙ ነው። የትኛው ያበራል፣ የትኛው ከውጭ የመጣ ነው፣ የትኛው ቶሎ ይደርቃል። ቸርኬ ላይ ያለ ቀለም ግን በአብዛኛው የሚላጠው ከሥሩ ዝገት፣ ግራሶ ወይም እርጥበት ስለቀረ ነው። ርካሽ ቀለም በንጹሕ ብረት ላይ፣ ውድ ቀለም በዝገት ላይ ከተቀባው ይበልጣል። ስለዚህ ንጽጽሩን ለሁለት ከፍየዋለሁ። መጀመሪያ የዝገት ማውጫ መንገዶቹን አያለሁ፤ ቀለሞቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በምን እንለካቸው?

ዋናው መለኪያ ደኅንነት ነው። የሠራተኛው ዓይንና ሳንባ አለ። በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማው ቦታው ላይ መቆየቱ አለ። ከዚያ የሚቀጥለው ዘዴው ዝገቱን እስከ ብረቱ ድረስ ማውጣት አለማውጣቱ ነው።

ባለ ሱቆች የማይነግሯችሁ ሌላ መለኪያ አለ፤ ሲጫር እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ መጠገን ይቻላል ወይ? የጭነት መኪና ቸርኬ ይጫራል። ድንጋይ ያገኘዋል፣ የጎሚስታ ብረት ያገኘዋል፣ ኮብልስቶን ጠርዝ ያገኘዋል። ለሠርግ መኪና የሚመረጥ ቀለምና ለአሸዋ መኪና የሚመረጥ ቀለም አንድ አይደለም።

መኪናው ስንት ቀን ይቆማል የሚለውም ገንዘብ ነው። አንድ ቀን የቆመ አይሱዙ ያንን ቀን አልሠራም። መብራቱንም አስቡት። ኮምፕሬሰር ጀምራችሁ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ግማሹ የተቀባ ቸርኬና በቀለም መርጫ ጠመንጃው ውስጥ የሚደርቅ ቀለም ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

መቀባት የሌለበት ቸርኬ

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ቸርኬው መቀባት የሚገባው መሆኑን እዩ። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል። አደጋውም ያ ነው።

ቸርኬ የሚሰነጠቀው የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ የነፋስ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ፣ እንዲሁም መሀለኛው ሳህንና ክቡ የተበየዱበት መስመር ላይ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ካያችሁ ተጠራጠሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቦታውን አጽዱና ላምባ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉት። ከዚያ የተማሪ ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ጠቆር ያለ መስመር ይሥላል። እኔ ይህን ሳደርግ ሁልጊዜ ልቤ ትንሽ ይመታል። መስመሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከደቂቃዎች በኋላ ግን እዚያ ነው።

የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም፣ ይጣላል። የብሎን ቀዳዳው ክብነቱ ጠፍቶ ዕንቁላል ከመሰለም እንደዚያው። ዝገት በልቶት በመዶሻ ሲነካ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ የሚረግፍም አይቀባም። ገበያ ላይ ደህና ያገለገለ ቸርኬ መፈለጉ ይሻላል። ያንንም ቢሆን በላምባና በጠመኔ ሳታዩ አትግዙ።

ጎማው ይውጣ ወይስ አይውጣ?

ጎማውን ሳያወጡ መቀባት ይቻላል። በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ የሚታየውን ፊት ብቻ መቀባት ማለት ነው። ለመልክ ይበቃል። ክፉው ዝገት ግን ጎማው ሥር ነው ያለው፤ ካላማዳሪውን፣ ነፋስ የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ የሚበላውም እሱ ነው። ጎማ በምትቀይሩበት ሰሞን ብትሠሩት ሁለት ወጪ ወደ አንድ ይመጣል።

የድሮ አይሱዙዎች ብዙዎቹ ቀለበት ያለው ቸርኬ ነው ያላቸው። ጎማውን የያዘው ያ የብረት ቀለበት ነፋስ እያለ ቢፈናጠር ሰው ይገድላል። ይህን ለማጋነን አላልኩትም። ቸርኬው ከመኪናው ሳይወርድ በፊት የቫልቩን ውስጠኛ ፒን አውጥታችሁ ነፋሱን ጨርሱ። ቫልቩ በጭቃ እንዳልተደፈነ በቀጭን ሽቦ ነካ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ከኋላ ጥንድ ጎማ ላይ የሁለቱንም ነፋስ አውጡ። ቀለበቱን ማውለቅና መልሶ መግጠም ግን ለጎሚስታ ይተው፤ ነፋስ ሲሞላም የብረት አጥር ውስጥ አስገብቶ የሚሞላውን ምረጡ። በግቢ የሚሠራው ባዶው ቸርኬ ነው።

ጎማ ያለበትን ቸርኬ በእሳት ማሞቅ ወይም መበየድ ፈጽሞ አይታሰብም። ነፋሱ ቢወጣ እንኳ ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲግል ጋዝ ያመነጭና ይፈነዳል።

ዝገት ማውጫዎቹ

*በእጅ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት።* ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው። መብራት አይፈልግም። ልጆች እቤት ካሉ አቧራው ስለሚያንስ የተሻለ ነው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሁን በአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተገድቧል። የእናንተ ቸርኬ ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካችሁ ብትፈትጉ አቧራው አይነሳም። ችግሩ ጉልበቱ ነው። አንዱ ቸርኬ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ስኮርታውን፣ ማለትም ተጠባባቂውን ጎማ፣ ጨምሮ ሰባት ቸርኬ ሲሆን ክንድ ይዝላል። ጉድጓድ የሠራ ዝገትም በእጅ አይወጣም።

*ግራይንደር ከሽቦ ዋንጫ ጋር።* ዋንጫው ግራይንደሩ ላይ የሚገጠም ክብ የሽቦ ብሩሽ ነው። የኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት። ግራይንደር የሌለው ሰው የሚከራየው አያጣም። በአንድ ሰዓት ገደማ የአንድ ቸርኬ ሁለቱም ፊት ይጸዳል። ግን ሁለት ወጥመድ አለው።

አንደኛው ሽቦው ነው። እየተሰበረ ይፈናጠራል፤ በሸሚዝ ውስጥ አልፎ ቆዳ ላይ ይሰካል። መነጽር፣ ረጅም እጅጌ፣ ወፍራም ሱሪ፣ ጓንት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሥራ ጨርሼ ቤት ስገባ ልጄ ከሹራቤ ላይ ሽቦ ሲለቅምልኝ አመሸ። አሥራ አንድ ቆጠረ። የግራይንደሩ ዙር ዋንጫው ላይ ከተጻፈው የዙር መጠን እንዳይበልጥ አንብቡ፤ ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል፣ ሁሉም ዋንጫ ግን ያንን አይችልም።

ሁለተኛው ዓይንን የሚያታልለው ነው። የሽቦ ዋንጫ ዝገትን አንዳንዴ አያወጣውም፤ ይወለውለዋል። ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ሲነካ ልስልስ ነው፣ የጸዳ ይመስላል። ቀለም ግን አይዘውም። ስለዚህ ዋንጫው ካለፈበት በኋላ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት። ግራጫው ብረት ሲወጣና ጣታችሁ ሻካራነቱን ሲሰማው ጨርሳችኋል። የብረት መሞረጃ ዲስኩን ግን አትጠቀሙ። ብረቱን ያሳሳዋል፣ ጭረቱም በኋላ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል።

*ኮስቲክ ሶዳና አቼቶ።* ብዙ ሰው የሁለቱን ሥራ ያምታታል። ኮስቲክ ሶዳ የሚያነሳው ቀለም ነው፤ ዝገትን አይነካም። አቼቶ ደግሞ ዝገት ያወጣል፤ ቀለም ላይ ብዙም አይሠራም። ብዙ እጅ ቀለም የተደራረበበት ቸርኬ ከሆነ ግማሽ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በኮስቲክ ውኃ መዘፍዘፍ ድካም ይቀንሳል። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመርም፤ ይንተከተክና ፊት ላይ ይረጫል። የአልሙኒየም ድስት አይነካው፤ ይበላዋል። አቼቶ ብሎን ላይ ለሚጠብቁት ዳዶዎችና ለትንንሽ ዕቃዎች ጥሩ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ብሩሽ ማድረግ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅ። ሰባት ቸርኬ የሚሸፍን አቼቶ መግዛት ግን ለሰላጣ ቤት እንጂ ለመኪና ባለቤት አይሆንም።

እዚህ ከተማ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። የኮስቲኩን ውኃ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ባህር ዳር ላይ ቦዩ የሚሄደው ወደ ጣና ወይም ወደ አባይ ነው። ጣና ደግሞ እምቦጩ ይበቃዋል።

*አሸዋ መንፋት።* ሥራው ከሁሉ የጸዳ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ግቢ ውስጥ በወንዝ አሸዋ መሞከር ግን አይገባም። ሲነፋ የሚደቀው የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። አፍን በጨርቅ መሸፈን አይከላከለውም። ተገቢው ክፍልና የአየር ጭምብል ያለው ድርጅት ካገኛችሁና ሰባቱን በአንድ ጊዜ ካስጫናችሁ ዋጋ አለው።

የትኛውንም ብትመርጡ ጉድጓድ ውስጥ የቀረች ዝገት ትኖራለች። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ቀያሪ ለዚህ ይሆናል። ቀይዋን ዝገት ወደ ጥቁር ይለውጣታል። ጽዳቱን ግን አይተካም።

የባህር ዳር አየር

ቀለም ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት ለጣና ዳር ክረምት የተጻፈ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ቀለሙ እርጥበት ይውጣል። የጸዳ ብረት ሌሊቱን ካደረ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ያጸዳችሁትን በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከለውን የሥር ቀለም፣ አልብሱት።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ያኔም ጠዋት ብረቱ ላይ ጤዛ አለ፤ እጃችሁን አሳርፉበት፣ ከቀዘቀዘና ካረጠበ ጠብቁ። ከ3 ሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ ከ10 ሰዓት በፊት አቁሙ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፣ የባጃጅ አቧራም አብሮ ይመጣል። ማታ በአምፖል ሥር ለመጨረስ የሚጣደፍ ደግሞ ትንኙን ይቀባዋል። ሽምብጥ አካባቢ አንድ ወዳጄ እንዲህ የቀባውን ስኮርታ ጠዋት ሲያየው ነጭ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎት ነበር። ትንኝ ነው።

ቀለሞቹ

ከየትኛውም ቀለም በፊት ግራሶውን በቲነር አጥቡ፣ ከዚያ አንቲረስት ሁለት እጅ ቀቡ። ይህ አማራጭ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የላይኛው ቀለም ንጽጽር ነው።

*ዘይት ቀለም በብሩሽ።* ለሥራ መኪና የምመክረው ይህን ነው። የአንድ ባለ 16 ቸርኬ ሁለቱ ፊት ሲለካ ወደ 0.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስኮርታውን ጨምሮ ሰባቱ ወደ 5 ካሬ ሜትር ናቸው። አንድ ሊትር ዘይት ቀለም ደግሞ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ሊትር ቀለምና አንድ ሊትር አንቲረስት ሁለት ሁለት እጅ ይበቃል። ኮምፕሬሰር የለ፣ መብራት የለ። ሲጫር ቆርቆሮውን ከፍቶ በትንሽ ብሩሽ ነካ ማድረግ ነው። የብሩሹ መስመር ይታያል ትሉኛላችሁ። ይታያል። ሁለት ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ ግን አይታይም፤ ጭቃ ሲነካው ደግሞ ጨርሶ የለም።

ድክመቱ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው። በእጅና በእጅ መካከል አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እስከ ሳምንት ለስላሳ ነው። መኪናዋ ነገ ጎንደር ትወጣለች የሚል ሰው አይጀምረው።

*ስፕሬይ ቆርቆሮ።* ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀባ ሰው ቀላል ነው፤ ብሩሽ የማይደርስበት የነፋስ ቀዳዳ ውስጥም ይገባል። አንድ 400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ግን ከአንድ ቸርኬ ብዙም አያልፍም፣ ምክንያቱም ስስ ነው፤ ሁለት ሦስት እጅ ይፈልጋል። ዘመዴ ስንት ልግዛ ላለው መልሱ ይኸውላችሁ፤ ለሰባት ቸርኬ አንቲረስቱን ጨምሮ ወደ አሥራ አራት ቆርቆሮ። ከሁለት ሊትር ጋር አወዳድሩት። ለአንድ ስኮርታ ወይም ለቤት ፒክአፕ ግን ምንም አይል።

*ኒትሮ በኮምፕሬሰር።* ጋራዦች የሚወዱት ፍጥነቱን ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲነካ ደርቋል። አቧራም ትንኝም ጊዜ አያገኙም። ነገር ግን በእርጥብ አየር ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ ቲነሩ ሲተን ቅዝቃዜ ፈጥሮ እርጥበት ስለሚስብ ነው። በሐምሌ ባህር ዳር ላይ ኒትሮ የሚቀባ ሰው ይህን ያያል። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በዘይት ቀለም ላይ ኒትሮ አይቀባም። የኒትሮው ቲነር ሥረኛውን ያነሳውና እንደ እንጀራ ዓይን ያፈረፍረዋል። በድንጋይ ሲመታም ይሰነጠቃል። ለቸርኬ እምብዛም አልመርጠውም።

*ሃርድነር ያለው ሁለት ክፍል ቀለም።* ከእነዚህ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ናፍጣም ግራሶም አይነካውም። ግን ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት በስፕሬይ ሲወጣ የሳንባ መርዝ ነው፣ አስም ያመጣል። ተራ የአቧራ ጭምብል አይበቃም። ግቢ ውስጥ ልጆች እያሉ አትሞክሩት። ተገቢ ክፍል ያለው ቀቢ ካገኛችሁ ለእሱ ስጡት።

*የዱቄት ቀለም።* በኤሌክትሪክ ተስቦ የሚጣበቅና ወደ 180 እስከ 200 ዲግሪ በምድጃ የሚጋገር ነው። ያምራል። የቤት ሥራ አይደለም፣ ሲጫርም በቤት አይጠገንም። በመጋጠሚያ ፊቶቹ ላይ ወፍራም ሆኖ እንዳይቀመጥ ከፋብሪካው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

የማይቀባው ቦታ፣ ከራሴ ስህተት

ከዓመታት በፊት የአጎቴን አይሱዙ ቸርኬዎች እኔ ነበርኩ የቀባኋቸው። ብርማ ቀለም፣ ሦስት እጅ። ውስጡን፣ ውጩን፣ የዳዶ መቀመጫውን፣ ጥንዶቹ ጎማዎች የሚነካኩበትን ፊት ሳይቀር። ምንም አላስቀረሁም። ጎረቤት ሁሉ አደነቀ።

ሁለተኛው የጎንደር ጉዞ ላይ ወረታ ለቁርስ ቆምን። ረዳቱ እንደ ልማዱ በቁልፍ ዳዶዎቹን እየነካካ ዞረ። አንዱ እንደ ቃጭል ጮኸ፣ ቀጥሎ ያለውም ጮኸ፣ ከዚያ ሁለቱ ደነቆሩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዳዶዎቹ ዙሪያ ብርማው ቀለም ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ቀይ ብናኝ እንደ እንባ ወደ ውጭ ተጥሏል። በእጅ የሚዞር ዳዶ ነበር። አጎቴ አይቶ «ቀለም ነው የቀባሃት ቅቤ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥንድ ጎማ ላይ ከፍሬን ታምቡሩ እስከ ዳዶው ድረስ አራት የተቀባ ፊት ይደራረባል። የውስጡ ቸርኬ ሁለት ፊት፣ የውጩ ሁለት ፊት። ቀለሙ በንዝረትና በፍሬን ሙቀት ሲጨመቅ ይሳሳል። በሳሳው ልክ ዳዶው ይላላል። ስለዚህ ቸርኬው ከታምቡሩ ጋር፣ ቸርኬና ቸርኬ እርስ በርሳቸው የሚነካኩበትን ፊትና የዳዶ መቀመጫዎቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ዝገት ካሳሰባችሁ አንድ ስስ እጅ አንቲረስት ይበቃቸዋል፤ የላይኛው ቀለም አይድረስባቸው።

ስትፈቱም ተጠንቀቁ። ብዙ የድሮ የጃፓን መኪናዎች ላይ በሹፌሩ ግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ የኤል ፊደል ታገኛላችሁ። ይህን ሳያውቅ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ ያጠበቀ ሰው ብሎን ቆርጧል።

በአንድ ዓይን

| ዘዴ | ወጪ | ጊዜ | ጥንካሬ | በግቢ መጠገን |
|---|---|---|---|---|
| ሽቦ ብሩሽ በእጅ | በጣም ትንሽ | ለአንዱ ግማሽ ቀን | መካከለኛ ጽዳት | ይቻላል |
| ግራይንደርና ሽቦ ዋንጫ | ትንሽ | ለአንዱ 1 ሰዓት | ጥሩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከተጨረሰ | ይቻላል |
| ኮስቲክ ሶዳ | ትንሽ | አንድ ሌሊት | ቀለም ብቻ ያነሳል | ጥንቃቄ ይፈልጋል |
| አሸዋ መንፋት | ከፍተኛ | በድርጅት ቀጠሮ | ከሁሉ የተሻለ ጽዳት | አይቻልም |
| ዘይት ቀለም በብሩሽ | ትንሽ | እስኪጠነክር ሳምንት | ጥሩ | በጣም ቀላል |
| ስፕሬይ ቆርቆሮ | ለብዙ ቸርኬ ውድ | ከ1 እስከ 2 ቀን | መካከለኛ | ቀላል |
| ኒትሮ | መካከለኛ | ሰዓታት | ይሰባበራል | ኮምፕሬሰር ይፈልጋል |
| ባለ ሃርድነር | ከፍተኛ | ከ1 እስከ 3 ቀን | በጣም ጥሩ | አይመከርም |
| የዱቄት ቀለም | ከሁሉ ውድ | በፋብሪካው ቀጠሮ | በጣም ጥሩ | አይቻልም |

ለማን የትኛው?

አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም ማዳበሪያ የምትጭኑ፦ ግራይንደር፣ አንቲረስት፣ ዘይት ቀለም በብሩሽ። ሌላ አታስቡ። ማዳበሪያ ከጫናችሁ በኋላ ቸርኬውን በውኃ ማጠብ ከሁለተኛው እጅ ቀለም እኩል ይጠቅማል። ቀለሙ ፈካ ያለ ግራጫ ይሁን። ጥቁር ያምራል፣ ግን ከዳዶ ሥር የሚወጣውን ቀይ ብናኝና የስንጥቅ መስመርን ይደብቃል።

መኪናው መቆም የማይችል፦ ስኮርታውን መጀመሪያ ቀቡ። ሳምንት ይጠንክር። ከዚያ አንዱን አውርዳችሁ በእሱ ተኩ፣ የወረደውን ቀቡ። ሰባት ሳምንት ይፈጃል፣ መኪናው ግን አንድ ቀን አይቆምም። ከጥቅምት ከጀመራችሁ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይደርሳል።

አዲስ አበባ የምትመላለሱ፦ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ፍሬኑን ያግላል፤ የውስጥ ቸርኬው አብሮ ይግላል። እዚህ ላይ የተሻለ ጽዳት ወጪውን ይመልሳል። ገንዘብ ካላችሁ አሸዋ አስነፍታችሁ ሃርድነር ያለውን ቀለም ባለሙያ ይቀባላችሁ። ከሌላችሁ ዘይት ቀለሙ ቢደበዝዝም ሥራውን ይሠራል።

ለጥምቀት ማሳመር ብቻ ለምትፈልጉ፣ ወይም መኪናዋን ልትሸጡ ላሰባችሁ፦ ጎማው ሳይወርድ ሽቦ ብሩሽና ሁለት ቆርቆሮ ስፕሬይ። ገዢ ከሆናችሁ ግን አዲስ ቀለም ያበራ አሮጌ ቸርኬ ስታዩ ላምባና ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱ።

ከገጠማችሁ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ዳዶዎቹን ድጋሚ አጥብቁ። ከባህር ዳር ወረታ ደርሳችሁ ለቁርስ ስትቆሙ በቂ ነው። ውስጥና ውጭ ዳዶ ያለው ከሆነ የውጩን ላላ አድርጋችሁ የውስጡን አጥብቁ፣ ከዚያ የውጩን መልሱ።

ዘመዴ ስፕሬዩን ተወው። ግራይንደር ተከራየ፣ አንድ ሊትር አንቲረስትና አንድ ሊትር ግራጫ ዘይት ቀለም ገዛ። በጠመኔው ምርመራ አንዱ ቸርኬ ተሰነጣጥቆ ስለተገኘ ስድስቱን ቀባ፣ ሰባተኛውን ያገለገለ ገዛ። የተረፈውን ግራጫ ቀለም ባለቤቱ የግቢውን በር ቀባችበት።